ጓሳ የማን ነው?

«የሁሉም የሆነ ነገር ጠባቂ ካላገኘ የማንም አይሆንም» ብል የተጋነነ ነገር የተናገርሁ ይመስላችሁ ይሆናል። እኔ ግን የዚህን ነገር እውነትነት የተረዳሁት በመጽሐፍ ሳይሆን፣ ባለፈው ዓመት ለጥምቀት በዓል ወደ አያቶቼ አገር ወደ መንዝ ሄጄ የጓሳን ጥብቅ ስፍራ በጐበኘሁ ጊዜ ነው። ስለ ጉዞው ብቻ መተረክ ብፈልግ ኖሮ ስለ ብርዱና ስለ አራዊቱ ጥቂት ጽፌ ባበቃሁ ነበር። ዳሩ ግን እዚያ ያየሁትና በአያቶቼ ምድጃ ዙሪያ የሰማሁት ክርክር እስከ ዛሬ ከልቤ ስላልወጣ፣ አስተያየቴን ለትምህርት ጓደኞቼ፣ ለመምህራኖቼና ለወላጆች ለማቅረብ ደፈርሁ። ዕድሜዬም ዕውቀቴም ትንሽ ነውና ስሕተት ቢገኝበት በትሕትና እታረማለሁ።

በመጀመሪያ ስፍራውን ላላዩት ላስተዋውቅ። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ጣርማ በር የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው፣ ከዚያ ወደ ግራ ታጥፎ በመዘዞ በኩል ወደ መሐል ሜዳ ሲጓዝ ጓሳን ያገኛል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል፤ ስፋቱም ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ዛፍ የሚባል ነገር እምብዛም አይታይበትም። መሬቱን የሸፈነው ስሙን ያወረሰው የጓሳ ሣር ነው፤ በመካከሉ ጅብራው ብቻውን እንደ ዘበኛ ቆሞ ይታያል፤ አስታውና ጨረንፌውም እዚህም እዚያም አለ። በምሥራቅ በኩል ምድሩ በድንገት ያልቅና ገደል ይሆናል፤ ከገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ወደ ቆላው ሲመለከቱ ዐይን ይፈዛል። ከዚህ ደጋ የሚነሡት ምንጮችና ጅረቶች ገሚሶቹ ወደ ዓባይ፣ ገሚሶቹም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። ስለዚህ ጓሳን ያላየ ሰው እንኳ ምናልባት ውሃውን ጠጥቶ ይሆናል።

አጐቴ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ይዞን የሄደው በማለዳ ነበር። ሣሩ ላይ አመዳይ ተጋግሮበት ስንረግጠው ይንኮሻኮሽ ነበር። ፀሐይ ጥቂት ከፍ እንዳለች ጭላዳዎቹ ካደሩበት ገደል እየወጡ መጡ። በመቶ የሚቈጠሩ ነበሩ። ደረታቸው ላይ ቀይ ምልክት ያለባቸው ትልልቆቹ ወንዶች ጋማቸውን ነፋስ እየበተነው ሲቀመጡ፣ በዕውነቱ ሽማግሌዎች ለዕርቅ የተሰበሰቡ ይመስል ነበር። ጭላዳ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ሲሆን፣ ከዝንጀሮ ወገን ሁሉ ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተው እርሱ ብቻ መሆኑን በባዮሎጂ ትምህርት ተምረናል። በጣቶቹ ሣሩን እየነቀሰ ሲበላ እጁ ከባለ እጅ ሸማኔ እጅ ይፈጥናል።

እኔም በደስታ ብዛት የያዝሁትን ዳቦ ቈርሼ ወረወርሁላቸው። ወዲያው ከኋላዬ የጥበቃው ሰው ደረሱ። ገሳ የለበሱ፣ ዱላ የያዙ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው። ይቈጡኛል ብዬ ስጠብቅ ረጋ ብለው «ልጄ፣ ዳቦውን አንሺው» አሉኝ። ካነሣሁ በኋላ እንዲህ አሉኝ፦ «የሰው እጅ የለመደ ጭላዳ ነገ የድኻ ገብስ ውስጥ ይገባል። ያን ጊዜ አንቺ ከተማ ነሽ። ከገብሱ ባለቤትና ከጭላዳው መካከል የምቆመው እኔ ነኝ።»

በዚያን ጊዜ አፍሬ ዝም አልሁ። በኋላ ሳስበው ግን ነገራቸው ከአንድ ቍራሽ ዳቦ የሚሰፋ ሆኖ አገኘሁት። እኛ ጐብኚዎች ለአንድ ቀን መጥተን በአራዊቱ ተደስተን እንመለሳለን። ጥፋት ብናደርስ ዕዳውን የሚከፍለው ግን እዚያ የሚኖረው ገበሬ ነው። ስለዚህ ስፍራው ለእኛ መዝናኛ ሲሆን ለእነርሱ ጐረቤት ነው። ከጐረቤት ጋር መኖር ደግሞ ሥርዓት ይጠይቃል።

በዚያው ቀን ይህንኑ የሚያስረዳ ሌላ ነገር አየሁ። አንድ ቀይ ቀበሮ በጭላዳዎቹ መንጋ መካከል ቀስ እያለ ሲራመድ አየን። ወንድሜ «አሁን ግልገሏን ይበላታል!» ብሎ ጮኸ። ነገር ግን እናቲቱ ቀና ብላ አየችው እንጂ አልሸሸችም፤ ቀበሮውም ወደ ግልገሏ አልዞረም። እርሱ የሚፈልገው የሣሩን አይጥ ነበር። ከተመለስን በኋላ ይህን ለባዮሎጂ መምህራችን ብነግራቸው፣ በዚያው በጓሳ የተደረገና በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳለ ነገሩኝ። በጥናቱ መሠረት ቀይ ቀበሮ ብቻውን አይጥ ሲያድን ከመቶ ሙከራ የሚሳካለት 25 ያህሉ ሲሆን፣ በጭላዳ መንጋ መካከል ሲያድን ግን 67 ያህሉ ይሳካለታል። ግልገል ለመብላት ቢሞክር መንጋው ያባርረዋል፤ ራሱን ስለ ገታ ግን ከመንጋው መካከል ቦታ አገኘ። በዓለም ላይ የቀሩት ዐዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ሁሉም የሚኖሩት በኢትዮጵያ ደጋ ነው። ከባለገሩ ውሻ የሚተላለፈው የእብደት በሽታ አንዱ ቀንደኛ ጠላታቸው ነው። እንግዲህ እነዚህ እንስሳት በጓሳ እስከ ዛሬ የተረፉት እንዲያው በአጋጣሚ አይደለም፤ መኖሪያቸው የሆነው ሣር ስለ ተጠበቀ ነው። ሣሩንስ ማን ጠበቀው? ወደ ዋናው ነገሬ የሚያደርሰኝ ይህ ጥያቄ ነው።

በመንዝ ጓሳን የመጠበቅ ሥርዓት የተጀመረው ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በፊት እንደ ሆነ ይነገራል። አስቦና ጌራ የተባሉ አባቶች ምድሩን ተካፍለው ሲሰፍሩ፣ ይህን ደጋ ለእርሻ ሳይሆን ለሣርና ለግጦሽ ለይተው አቈዩት ይባላል። ሥርዓቱ «ቄሮ» ይባል ነበር። (አንባቢ ይህን ቃል ዛሬ በሌላ አገባብ ከሚነገረው ቃል ጋር እንዳያደባልቀው አደራ እላለሁ።) የአስቦና የጌራ ዘሮች በየወገናቸው አለቃ ይመርጡ ነበር፤ አለቃውም ከሽማግሌዎች ጋር ሆኖ ጓሳውን ይዘጋል። ሣሩ እስኪደርስ ሦስት ዓመትም አምስት ዓመትም ቢሆን ማንም አያጭድም፣ ከብትም አይነዳም። ሲደርስ በበጋ ይከፈታል፤ ክረምት ሲገባ እንደ ገና ይዘጋል። ሕጉን የጣሰ ቅጣቱ ከባድ ነበር። የሚጠበቀው ሣር ጥቅሙ ብዙ ነው፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ፣ ለመጥረጊያ ይሆናል። በዚህ ብርድ አገር ቤቱ ያልተከደነ ሰው ክረምቱን እንዴት ያልፋል? ስለዚህ ሕጉ የተሠራው ለአራዊት ፍቅር አልነበረም፤ ለጣራ ነበር። ነገር ግን ጣራው ሲጠበቅ ቀበሮውም ጭላዳውም አብረው ተጠበቁ።

ማታ በምድጃው ዙሪያ ባና ተከናንበን ተቀምጠን ሳለ ይህንን ታሪክ የነገሩን አያቴ ናቸው። እርሳቸው ዘራቸውን ከአስቦ ይቈጥራሉ። ጓሳው የሚከፈትበት ቀን በቤተ ክርስቲያን ቅጽርና በገበያ ሲነገር፣ ሰው ሁሉ ማጭዱን ስሎ በአንድ ቀን እንደሚወጣ፣ ቀድሞ የሚገባም ተደብቆ የሚያጭድም እንዳልነበረ በኩራት አወሩልን። «ያን ጊዜ ሰው ያፍር ነበር» አሉ።

ሴት አያቴ እሳቱን እየቈሰቈሱ ይሰሙ ነበርና «አያትሽ የነገሩሽ እውነት ነው። ሥርዓቱ መልካም ነበር፤ ለገባበት ሰው» አሉኝ። የሴት አያቴ አባት ከሌላ አገር መጥተው በጢሰኝነት የተቀመጡ ሰው ነበሩ። የአጽመ ርስት ተወላጅ ስላልሆኑ ከጓሳው ድርሻ አልነበራቸውም። «ሣሩ ከደጃችን ይታየናል፤ ቤታችን ግን ያፈስ ነበር። እናቴ ሁለት በግ ሸጣ የአንድ ቤት ክዳን ገዛች። በግ የሌለውስ?» አሉ። አያቴ መልስ አልሰጡም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በታሪክ ትምህርት ተምረነዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ፤ ጢሰኝነት ቀረ። ርስትን መሠረት ያደረገው የቄሮ ሥርዓትም አብሮ ወደቀ። ሴት አያቴ በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳቸውን ማጭድ ይዘው ጓሳ ገቡ። «ደስታዬን ልነግርሽ አልችልም» አሉኝ። እየቈየ ግን የሚዘጋው ሰው ታጣ። የፈለገ በፈለገው ቀን አጨደ፤ ከብቱም ክረምት ከበጋ ተሰማራበት፤ ዳር ዳሩም ታረሰ። «ሣሩ ከቍርጭምጭሚት አላልፍ አለ» አሉ ሴት አያቴ። በዚህ ጊዜ አያቴ ጕሮሯቸውን ጠርገው ያልጠበቅሁትን ነገር ተናገሩ፦ «እኔም በሌሊት ሄጄ አጭጃለሁ። ሁሉ ሲያጭድ እኔ ብቻዬን ብተው ሣሩ አይድንም፤ የእኔ ቤት ግን ያፈሳል።»

ክቡራን አንባብያን! ይህ ቃል ብዙ ጊዜ አሳሰበኝ። አያቴ ሌባ አይደሉም፤ በአገሩ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ሥርዓት በነበረ ጊዜ ያፍሩ የነበሩት ሰው ሥርዓት በጠፋ ጊዜ በሌሊት አጨዱ። ስለዚህ ጓሳን ያጐዳው የሰው ክፋት ብቻ አልነበረም፤ ሌላው እንደሚተው ማንም እርግጠኛ ሊሆን አለመቻሉ ነው። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» እንደሚባለው፣ አጥሩ በአንድ በኩል ሲቀደድ ደኅናውም ሰው በዚያው ይገባል።

እንግዲህ የእኔ አስተያየት ይህ ነው። የቀድሞው ዘመን ሥርዓት ነበረው፤ እኩልነት ግን አልነበረውም። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ የመጣው ዘመን እኩልነትን አመጣ፤ ሥርዓቱን ግን አፈረሰ። ጓሳ የሚድነው ሁለቱ አብረው ሲኖሩ ብቻ ነው። ያለ ሥርዓት የሚገኝ ድርሻ ጥቂት ቈይቶ ባዶ ሜዳ ይሆናል፤ ያለ ድርሻ የሚታዘዝ ሥርዓትም የጢሰኛውን ልጅ ያስለቅሳል። ዛሬ በዙሪያው ያሉት ቀበሌዎች በመረጧቸው ሰዎች አማካይነት ስፍራውን ያስተዳድራሉ፤ ዘብ የሚቆሙትም የዚያው አገር ልጆች ናቸው። የአማራ ክልልም በ2012 እ.ኤ.አ. ስፍራውን የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ብሎ በሕግ አጽንቶታል። ይህ ከሁለቱም ዘመን መልካሙን ለመውሰድ የተደረገ ሙከራ ነውና ሊመሰገን ይገባዋል።

አንዳንድ ጓደኞቼ «መንግሥት አጥር ቢያጥርበትና ወታደር ቢያቆምበት አይሻልም ወይ?» ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። ከሣሩ ምንም የማያገኝ ገበሬ አጥሩን እንደ ጠላት ያየዋል፤ ዘበኛውም ሺህ ዐይን የለውም። በየተራው ሣር የሚደርሰው ገበሬ ግን ራሱ ዘበኛ ነው። አባቶቻችን «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ያሉት አጥርን የሚያስከብረው ባለቤቱ መሆኑን ዐውቀው ነው።

ሌሎች ደግሞ «ጐብኚ ገንዘብ ያመጣል፤ ያ ይበቃል» ይላሉ። የጐብኚ ገንዘብ ጠቃሚ መሆኑን አልክድም። በስፍራው የማኅበረሰቡ ማረፊያ ቤት አለ፤ መንገድ መሪውና በቅሎ አከራዩም ይጠቀማሉ። ነገር ግን ያ ገሳ የለበሱት የጥበቃ ሰው «እንግዳ እንደ ድሮው አይመጣም» ሲሉኝ፣ «ታዲያ ለምን አይተዉትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም «እንግዳ ሳይመጣም ሣሩ ይበቅላል፤ ምንጩም ይፈሳል» ብለው መለሱልኝ። በሽታና ጦርነት እንግዳን ያስቀራሉ። በእንግዳ ብቻ የቆመ ጥበቃ እንግዳው የቀረ ቀን ይወድቃል፤ በጣራና በውሃ የቆመ ግን መቶ ዓመታትን አልፏል።

ሆኖም አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ፤ እርሱንም ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ዛሬ የአያቴ ቤት ቆርቆሮ ነው። የብዙው ሰው ቤት እንዲሁ እየሆነ ነው። ለክዳን ሣር የማያስፈልገው ትውልድ ሣሩን ስለ ምን ይጠብቃል? መሬት ያልደረሰው የአጐቴ ልጅ «ቀበሮ መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር ሲኖረው እኔ የማርሰው አንድ ጥማድ የለኝም» ሲል ሰማሁት። ይህ ልጅ በዕድሜ እኩያዬ ነው። ጥያቄውን «አላዋቂ ነህ» ብሎ መዝጋት የሴት አያቴን አባት ከጓሳው እንደ መዝጋት ይቈጠራል። እኔ የመለስሁለት፣ ያ ብርዳም ደጋ ቢታረስ ጥቂት ዓመት ገብስ አብቅሎ አፈሩ እንደሚሸሽ፣ ከታች ያለው ምንጭም እንደሚደክም ነው። ነገር ግን ይህ መልስ እውነት ቢሆንም እንጀራ አይሆንም። ስለዚህ መሬት የሌላቸው ወጣቶች ከጥበቃው ሥራ፣ ከመሪነቱና ከማረፊያው ገቢ በቅድሚያ ሊካፈሉ፣ በሚመክረውም ሸንጎ ላይ ሴቶችና ወጣቶች ድምፃቸው ሊሰማ ይገባል እላለሁ። ድርሻ የሌለው ሰው ማጭዱን በሌሊት ይስላል።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ልመለስ። ይህን ሁሉ የምጽፈው መንዝን ለመምከር እንዳይመስላችሁ፤ እኛ ከመንዝ መማር ስለሚገባን ነው። የቤተ መጻሕፍታችንን መጻሕፍት ተመልከቱ። የሁላችንም ናቸው። ለፈተና የሚያስፈልጉት ገጾች ግን ተቀደዋል። የቀደደውን ልጅ ብትጠይቁት የሚመልስላችሁ የአያቴን ቃል ነው፦ «እኔ ብተወው ሌላው ይቀደዋል።» እኛ የተማርን የምንባለው ሠላሳ ገጽ ማስከበር ሲያቅተን፣ ፊደል ያልቈጠሩ አባቶች መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር ሣር ለዘመናት አስከበሩ። ልዩነቱ ሦስት ነገር ነው፤ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ቀን ታውቆ ነበር፤ አለቃውን ራሳቸው መርጠው ነበር፤ ሕግ የጣሰም ማንም ይሁን ማን ይቀጣ ነበር።

ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በየክፍሉ የመጽሐፍ ጠባቂ እኛው ራሳችን እንምረጥ፤ ተፈላጊ መጽሐፍም ለሁሉም በተራ ይድረስ። ሁለተኛ፣ የተፈጥሮ ክበባችን ወደ ጓሳ ጉዞ ባዘጋጀ ጊዜ በማኅበረሰቡ ማረፊያ እንደር፤ የአገሩን መንገድ መሪ ከፍለን እንያዝ፤ ቈሻሻችንን ይዘን እንመለስ፤ ለጭላዳም ዳቦ አንወርውር። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ተማሪ ከአያቶቹ ዘንድ ቁጭ ብሎ፣ በአገሩ ጫካው፣ ምንጩ ወይም ግጦሹ በምን ሕግ ይጠበቅ እንደ ነበር ይጠይቅና ይጻፍ። ስንጠይቅ ግን «ሕጉ ምን ነበር?» ብቻ አንበል፤ «ከሕጉ ውጪ የቀረው ማን ነበር?» ብለንም እንጠይቅ። እኔ አያቴን ብቻ ሰምቼ ብመለስ ኖሮ የታሪኩን ግማሽ ይዤ በመጣሁ ነበር።

ከመንዝ በተነሣንበት ማለዳ ሴት አያቴ ከጓሳ ሣር የተገመደ አንድ ትንሽ ገመድ ሰጡኝ። በሕጉ ቀን ራሳቸው ያጨዱት ሣር ነው። አንዱን ሣር ብቻውን ስስበው በቀላሉ ተበጠሰ፤ ገመዱን ግን እኔና ወንድሜ ከሁለት ወገን ይዘን ብንጐትት አልበጠስ አለን። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ በእጄ የያዝሁት ግን በዚያን ቀን ነው።

እንግዲህ ጓሳ የማን ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መልሴ አጭር ነው። ድርሻውን አግኝቶ፣ ተራውን ጠብቆ፣ ማጭዱን ለሚያስቀምጥ ሰው ሁሉ ነው።